እንግዳ ሲመጣ የማይጠፋው ኮምፒውተር

እንደገና ሞተ።

ሙሀመድሁሴን በረዶ የሸፈነውን ዳገት ጨርሶ፣ ተሳቢውን በከባድ ማርሽ ይዞ ቁልቁል እያወረደ ነበር። ድንገት ስክሪኑ ጨለመ። የፋኑ ድምፅ ቀጥ አለ። መኪናው የለም፣ ጭነቱ የለም፣ በረዶው የለም። ከጥቁሩ መስታወት ውስጥ ጢሙን ሂና የቀባ አንድ ሽማግሌ ቁልጭ ቁልጭ ይላል።

«አሁንስ በዛ» አለ ሽማግሌው፣ ማለትም ሙሀመድሁሴን ራሱ። ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሞሚና፣ ዱሬሳን ጥሪልኝ።»

ኢንስፔክተር ዱሬሳ የሚኖረው እዚያው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከእነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ሕንፃው የቆመበት መሬት ድሮ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። ዕጣ ወጥቶለት ከአባቱ ማሳ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ «ኢንስፔክተር» ብሎ የሚጠራው የግቢው ዘበኛና ሙሀመድሁሴን ብቻ ናቸው፤ ዘበኛው ለክብር፣ ሙሀመድሁሴን ለማሾፍ።

መጣ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛው ሥር የተቀመጠውን ጥቁር ሳጥን ተመለከተ። በሥራ ዘመኑ ብዙ አስከሬን አይቷል፤ ሶኬት ላይ የተሰካ አስከሬን ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው።

«መቼ ነው?»

«አሁን። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ።»

«ማን ነበር?»

«እኔና ሞሚና። እኔ መሪ ላይ፣ እሷ ጓዳ።»

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ዮዲን» አለ ሙሀመድሁሴን፣ ቅንጣት ሳያመነታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሀመድሁሴን ዕድሜውን የጨረሰው በጂቡቲ መንገድ ላይ ነው። ሚሌ አጠገብ የደረሰበት አደጋ ግራ እግሩን፣ የፍሪሲዮኑን እግር፣ አደነዘዘውና ከመኪና ወረደ። ከዚያ ወዲህ ከአራተኛ ፎቅም አልወረደም። ሊፍት የለም፤ «ዱላ ይዤ በደረጃ ስጎተት ሰው አያየኝም» ይላል። ከበረንዳው ላይ ሆኖ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ክፍያ ጣቢያ ላይ የሚሰለፉትን ከባድ መኪናዎች እያየ መዋል ሥራው ሆነ። ያ ዓይኑ ያሳዘነው ልጁ ሙንታሲር፣ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ከመሄዱ በፊት አንድ ኮምፒውተር ከመሪና ከፔዳል ጋር ገጣጠመለት፤ የከባድ መኪና ጌምም ጫነለት። አባትየው መንገዱን መልሶ አገኘ። ከሰላት ከተነሣ መሪው ላይ ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ መጥፋት ጀመረ። የሚጠፋው ጌም ላይ ብቻ ነው። ዜና ሲያይበት ደህና፣ ከሙንታሲር ጋር በቪዲዮ ሲያወራበት ደህና። መኪና ሲነዳ ግን ድርግም።

ዮዲ በቀጣዩ ሕንፃ ምድር ቤት ኮምፒውተርና ስልክ የምትጠግን ወጣት ናት። ወደ ሱቋ ወስዳ ፈተሸችው፣ አጸዳችው፣ መለሰችው። ከተመለሰ በኋላ ባሰበት።

«ሱቋ ሲያድር ጥሩውን ግራፊክስ ካርድ አውጥታ የደከመ ከትታልኛለች» አለ ሙሀመድሁሴን። «ሰኞ ለፖሊስ አመለክታለሁ። የነዋሪዎቹ ቴሌግራም ላይም በድምፄ ተናግሬያለሁ፤ ዕቃችሁን ለዚች ሌባ አትስጡ ብያለሁ።»

ሞሚና የሻዩን ብርጭቆ ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ጥቂት ቆየች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች።

«እስከ ሰኞ ለእኔ ተውልኝ» አለ ዱሬሳ። ይህን ሲል ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀ፤ ወዲያው አፈረ። የአንዲት ልጅ ስም እየጠፋ እሱ ምርመራ በማግኘቱ ደስ ብሎታል። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ መዋሸት አይቻልም።

የዮዲ ሱቅ ጭር ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩ የተሰበረበት ሁሉ ተደግፎ የሚቆምበት ባንኮኒ ባዶ ነው። ልጅቷ ዱሬሳን ስታይ ካቻቢቴውን አስቀመጠች።

«ሊይዙኝ ነው የመጡት ጋሼ?»

«ጡረተኛ ሰው አይዝም። ካርዱን ቀይረሻል?»

«የቀየርኩት ፓወር ሰፕላዩን ነው። እሱንም እቤታቸው፣ ዓይናቸው እያየ። አሮጌውን እዚያው ትቼላቸዋለሁ።»

«ምን ሆኖ ነው ታዲያ የሚጠፋው?»

«እኔ ፊት ጠፍቶ ቢያውቅ እነግርዎ ነበር። እዚህ ሱቅ ቀኑን ሙሉ ጌም ከፍቼበት ዋልኩ። ምንም። እቤታቸው ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ምንም። ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ ይደውላሉ፤ ጠፋ ይሉኛል።»

«እንዲህ ያለ ዕቃ በምን በምን ይጠፋል?»

«ወይ በመብራት፣ ወይ በሙቀት፣ ወይ በታመመ ዕቃ። ጌም ለኮምፒውተር ዳገት ነው ጋሼ፤ ጭነት ይበዛበታል፣ ይሞቃል። ከልክ በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ግን የእሳቸው አየሩን ከፊት ጥሩ አድርጎ ይስባል። አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው።»

ዱሬሳ አገጩን አሸ። «ወደ አንቺ ሳይመጣ በፊት ጠፍቶ ነበር?»

«ባይጠፋ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አለች። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት እኔ ነኝ። ሰፈሩ ውስጥ ሳልፍ ሰዎች ቦርሳቸውን ያቅፋሉ። ቤቱን ለቅቄ ገላን ልሄድ ነው፤ ስሜ ያልተጠራበት ቦታ።»

ከሱቁ ሲወጣ አንድ ነገር በእጁ ይዟል። ሟቹ የታመመው ተጠርጣሪዋን ከማወቁ በፊት ነው።

ቀጥሎ የተጠረጠረው መብራት ነው። በእነሱ ሕንፃ ምድር ቤት በርና መስኮት የሚበይደው ፀሐዩ አለ። እሱ ብየዳውን ሲጀምር የመላው ሕንፃ አምፖል ዓይኑን ያሻል። ዱሬሳ በልቡ ፈረደበት። እንዲያውም ሰውዬው ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር፤ ብየዳው የከሰዓት እንቅልፉን ሲበጠብጥበት ኖሯል።

«መብራት ሲወርድ እኔ፣ ውኃ ሲጠፋ እኔ» አለ ፀሐዩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «አሁን ደግሞ ጌም?»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«ሳሪስ አቦ፣ የእህቴ ልጅ ክርስትና። ቤቱ ተቆልፎ ነው የዋለው። ዘበኛውን ጠይቅ።»

ዘበኛው እውነት ነው አለ። ኮምፒውተሩ ደግሞ እሑድ ዕለት ሲሞት ሲነሣ ነው የዋለው። ዱሬሳ ፀሐዩን እያዘነ ለቀቀው።

የቀረው ቦታው ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ከአስር ሰላት በኋላ እየወጣ ከሙሀመድሁሴን ጎን ወንበር ይዞ ይቀመጥ ጀመር። አንኳኩቶ ሲቆም ሞሚና «መጣሁ» ትላለች፤ ግን እንዳለችው ቶሎ አትመጣም። ከዚያ በሩን ከፍታ ታስገባዋለች፣ ሁለት ሻይ ታቀርባለች።

ኮምፒውተሩ ምንም አይለው። ሙሀመድሁሴን ይነዳል፣ ይነዳል።

«መንገዱ ቆንጆ ነው» ይላል። «ግን ፍየል የለም። አንድም ፍየል አይገባብህም። ሰው እንዴት ያለ ፍየል ይነዳል? ትራፊኩ እንኳ አይለምንህም።»

ሞሚና ጓዳው በር ላይ፣ ዱካ ላይ ተቀምጣለች። ዱሬሳ ልማድ ሆኖበት ሰው የሚያየውን ያያል። እሷ ስክሪኑን አታይም። የባልዋን ጀርባ ነው የምታየው። እንዲህ ያለ አስተያየት የት ነው የማውቀው ብሎ አሰበ፤ ሲያስታውስ ሻዩ መረረው። ሟች ሚስቱ አደሴ፣ እሱ ጫማውን አስሮ ለሌሊት ተረኝነት ሲወጣ እንዲህ ነበር የምታየው።

«ወይዘሮ ሞሚና፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አላት።

«እኔ ስለ ማሽን ምን አውቄ ጋሽ ዱሬሳ» አለች። ዓይኗን ግን ወደ ወለሉ መለሰች።

ዱሬሳ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ ብዙ አሰበ። የታመመ ዕቃ እንግዳ መጣ አልመጣ አያውቅም። ሙቀትም አያውቅም። መብራትም ቢሆን አንድ ጡረተኛ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ብሎ አይታገሥም። ምስክር የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ሰው ሁለት ነው፤ አንዱ ተበዳዩ ነው። በሩን ዘግይቶ የሚከፍተው ሌላኛው ነው።

ቀድሞ ቢሆን እንዲህ ያለው ሐሳብ ሲመጣለት ይፎልል ነበር። አሁን ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነበት፤ ያወቀውን እንዳላወቀ አድርጎ አንድ ቀን አሳለፈ። ከዚያ ዮዲ ዕቃዋን በካርቶን ስታሽግ አየና ተነሣ።

እንደ ሌላው ቀን ሻዩን ጠጣ። እንደ ሌላው ቀን ተሰናበተ። በሩን ሲስበው ግን እስኪቆለፍ አልሳበውም። ጥቂት ደረጃ ወርዶ ተቀመጠ። ከላይ የተሳቢው ሞተር በስፒከር ያጉረመርማል። መጥረጊያ ወለል ሲነካ ሰማ። ከዚያ ጸጥታ፣ ሞተር፣ ጸጥታ፣ ሞተር። ጉልበቱ ደነዘዘ።

«ሞተ!» የሙሀመድሁሴን ድምፅ ነው። «ይኸው፣ ዱሬሳ እግሩ እንደወጣ ሞተ!»

ዱሬሳ በሩን ገፋ አድርጎ ገባ። ሙሀመድሁሴን ወንበሩን ወደ ክፍሉ አዙሮ እያማረረ ነው። ሞሚና «ሶኬቱን ልየው» ብላ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካለች። የሳጥኑ የፊት ክዳን ገርበብ ብሏል። እጇ ከዚያ ውስጥ አንድ ነገር እየሳበ ነው። ዱሬሳን ስታይ እጇ ቆመ።

ዱሬሳ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን በመዳፉ ነካው። የተጣደ ብረት ድስት ነው የሚመስለው።

«ይስጡኝ» አላት ቀስ ብሎ።

ሰጠችው። የፓስታ ካርቶን ነው፤ በመቀስ በልኩ የተቆረጠ፣ አየር የሚገባበትን ወንፊት ጥርቅም አድርጎ እንዲሸፍን ተደርጎ የተሠራ።

«ምንድነው እሱ?» አለ ሙሀመድሁሴን። «ምን አገኘህ?»

ዱሬሳ ካርቶኑን አቀበለው። ሙሀመድሁሴን አገላበጠው፤ ሙቀቱን በጣቱ ዳሰሰ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ በቀስ ወረደ።

«ይሄማ የራዲያተር ካርቶን ነው» አለ።

«የምን?»

«ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ሞተር ቶሎ እንዲሞቅልን ራዲያተሩ ፊት ካርቶን እናስገባለን። ጣርማ በርን አልፈህ ቆላ ስትወርድ ማውጣት አለብህ። ከረሳኸው ሞተሩ ይፈላል፣ ይቆማል። ሾፌር እንጂ ሌላ ሰው ይሄን አያው...» ሚስቱን አያት። «ማን ነው ይሄን ያስተማረሽ?»

«አንተ።»

ሞሚና ከወለሉ አልተነሣችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ለመልስ ኮምቦልቻ ስትወስደኝ። ጋቢናው ውስጥ ነበርን። ‹ሮቢት ሳንደርስ ካርቶኑን አስታውሽኝ› አልከኝ። ሙሽራ ነኝ፣ አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ዝም አልኩ። ሞተሩ ፈላ። አውርደህ ከግራር ሥር አስቀመጥከኝና እስኪበርድ ጠበቅን። አውርተህ አልጠገብክም ያን ቀን። ስለ እናትህ ነገርከኝ። ገደል አፋፍ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎህ እንዴት እንዳለቀስክ ነገርከኝ። እንደዚያ አውርተኸኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲያም አታውቅም።»

«ሞሚና...»

«ልጨርስ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ትሄዳለህ፣ ሁልጊዜ እጠብቃለሁ። አላማረርኩም፤ እንጀራችን ነው። እግርህ ሲጎዳ አለቀስኩ። አልቅሼ ሳበቃ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አሁንስ ቤቱ ገባልኝ አልኩ። ልጅህ ይሄን መሪ አመጣልህ። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ደግሞ ሄድክ። ጂቡቲ ስትሄድስ ትመለስ ነበር። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ነው የማትመለሰው። ሲጠፋብህ ግን ወደ እኔ ትዞራለህ። ትቆጣለህ፣ ትራገማለህ፣ ቢሆንም ፊትህን አያለሁ። እስኪበርድ ድረስ አብረን ሻይ እንጠጣለን። ለዚያ ነው።»

ዱሬሳ በብዙ ክፍሎች ውስጥ ብዙ የእምነት ቃል ተቀብሏል። የትኛውም እንዲህ አላስጨነቀውም። የሚያደርገው ቢያጣ የሳጥኑን ክዳን ቦታው መለሰ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ሙሀመድሁሴን።

«ነገርኩህ። ‹ቆይ፣ ይቺን ዳገት ልጨርስ› አልከኝ።»

ከበረንዳው ማዶ አንድ ከባድ መኪና ክፍያ ጣቢያው ላይ ፍሬኑን አስተነፈሰ። ሙሀመድሁሴን ዞር ብሎ አላየም።

ዱሬሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ እዚሁ ይለቅ። ለዮዲ እኔ እነግራታለሁ፤ ሙቀት ነው እላለሁ። ውሸትም የለበትም። ማን እንዳሞቀው ማንም አይጠይቅም።»

«አይሆንም ጋሽ ዱሬሳ» አለች ሞሚና። «ልጅቷ በእኔ እጅ ነው ሌባ የተባለችው። ሌባ ብሎ ሲጠራት ዕለቱኑ መናገር ነበረብኝ። ፈራሁ። ካርቶኑን ጣልኩትና ነገ ከነገ ወዲያ ይረሳዋል አልኩ። ሁለት ቀን ሳልሞላ ሌላ ቆረጥኩ። እኔው ሄጄ እነግራታለሁ።»

ልትነሣ ስትል ሙሀመድሁሴን እጁን ዘረጋ።

«አንቺ ካርቶን ነው ያስገባሽው» አለ። «ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ። በአፌ ያልኩትን በአፌ ነው የማነሣው።»

«በቴሌግራሙ?» አለ ዱሬሳ።

«እሱም ይደርሳል። አስቀድሞ ግን ፊት ለፊቷ።» ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዱላ በዓይኑ ፈለገ። «ሱቋ ምድር ቤት ነው አይደል?»

ሞሚና ዱላውን አምጥታ ሰጠችው። ሽርጡን አስተካከለችለት፣ ከሽርጡ በላይ ኮቱን አለበሰችው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ዱሬሳ ክንዱን ሊደግፈው ጠጋ አለ።

«ተው፣ እሷ ትይዘኛለች» አለው።

አወራረዳቸው ያስጨንቃል። የደነዘዘው እግር ቀድሞ ይወርዳል፣ ዱላው ይከተላል፣ ከዚያ ደህናው እግር፣ ከዚያ ሞሚና። የሁለተኛው በር ጎረቤት ብቅ ብላ «እንኳን ለዚህ አበቃዎት ጋሼ!» አለች። ሙሀመድሁሴን አፈረ፤ ግን ቀጠለ። ዱሬሳ ከኋላቸው ሆኖ ሳይጠጋቸው ሳይርቃቸው ይወርዳል።

የዱሬሳ በር ፊት ሲደርሱ ሙሀመድሁሴን ቆመ። ላብ በላብ ሆኗል። ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ሞሚና።»

«አቤት።»

«ሮቢት ያን ቀን...»

«እህ?»

«ካርቶኑን አልረሳሁትም ነበር።»

ሞሚና አየችው። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ዱሬሳ በጉርብትናቸው ዘመን ሁሉ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። ሙሀመድሁሴን አልሳቀም። ክንዱን እንድትይዝለት መልሶ ሰጣት። ለዮዲ የሚለውን በከንፈሩ እየተለማመደ ቀጣዩን ደረጃ ወረደ።

ዱሬሳ ከዚህ በኋላ አልተከተላቸውም። ምርመራው አልቋል፤ የቀረው የእነሱ ነው። ድምፃቸው ምድር ቤት እስኪደርስ ድረስ ቆሞ ሰማ። ከዚያ ቁልፉን አውጥቶ በሩን ከፈተ። አደሴ አንድም ቀን በሩን ቆልፋበት፣ ጫማውን ደብቃበት፣ «ዛሬ አትሂድ» ብላው አታውቅም። እሱም እሺ የሚል መስሎት አያውቅም። ብትደብቅበት ኖሮ ይቆጣ ነበር፤ ይፈልግ ነበር፤ ሳያገኘው ይመሽ ነበር። ከዚያ ምን ያወሩ እንደነበር አሁን ቆሞ ያስባል።

ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አደሴ ናፈቀችው፤ በሕይወት ሳለች አንድም ቀን ናፍቃው እንደማታውቅ አድርጋ ናፈቀችው።